ማር ይሻልዎታል ወይስ ተራራ?

ሰው ከሰው ጋራ በመንገድ በተገናኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ነገር እንደ አገሩ ልማድ ልዩ ልዩ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገድ ሁለት መንገደኞች ሲተላለፉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው «ከየት ነው?» «ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ጠያቂውን ምንም አያስከፍለውም፤ ለተጠያቂው ግን ይጠቅመዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀለት ሰው ወንዙ መሙላቱን ወይም ገበያው መበተኑን ይነግረዋልና። «በእግር መሄድ ይሻልሃል ወይስ በበቅሎ? ደጋው ደስ ይልሃል ወይስ ቆላው?» እያለ የሚጠይቅ መንገደኛ ግን በዚያ አገር አላጋጠመንም። እኛ ይህን ጥያቄ የተማርነው በፖርቱጋል ቋንቋ ነው፤ በእስቴ ቆላ ጠይቀነውም ሰው አስቸግረንበታል። እንዴት እንደሆነ ለውድ አንባብያን በዛሬው እሑድ እናወራለን።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም.፣ እኛ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለን፣ የሞዛምቢክ ዋና ከተማ ከሆነችው ከማፑቶ አንድ ወጣት መምህር ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እኛም ከእንግዳ ተቀባዮቹ መካከል ስለ ነበርን ተዋወቅነው። ስብሰባው ሲያልቅ ጥቂት ቀን ቀረው። ላሊበላን ወይም አክሱምን ተመልከት ብለን ብንመክረው፣ አንድ በመጽሐፍ ያየሁት ድልድይ አለ፣ እሱን ሳላይ አልሄድም አለን። ይህም ድልድይ በዓባይ ላይ ሆኖ የጎጃሙን ሞጣና የበጌምድሩን እስቴ የሚያገናኘው፣ ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» የሚለው፣ ጸሐፊዎች ግን «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚሉት ነው። እንግዳው እንግሊዝኛ ጥቂት ያውቃል፤ የኛ ፖርቱጋልኛ ደግሞ ከሱ እንግሊዝኛ ያነሰ ነበረ። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የመንገደኞች መማሪያ ገዛንና የመንገደኛን ምርጫ ስለ መጠየቅ የሚናገረውን ምዕራፍ በሁለት ሌሊት አጠናን።

«ፖርቱጋልኛ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቋንቋው ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ጊኒ ቢሳው፣ ኬፕ ቨርዴና ሳኦ ቶሜ ፕሪንሲፔ ይሠሩበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሉዋንዳና ወደ ማፑቶ ይበራል፤ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ውቅያኖሱን ተሻግሮ እስከ ብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ደርሷል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠ ወጣት ሹም አንድ ቀን ከእንግዳ ጋር በመኪና ጎን ለጎን ተቀምጦ ጸጥታው ሲያስጨንቀው፣ አንዲት ጥያቄ ብትኖረው ትጠቅመዋለች እንጂ አትጎዳውም።

ጥያቄዋ ቀላል ናት፤ «ኮሙ ፕረፌረ ቪያዣር?» በምን መጓዝ ይመርጣሉ? ማለት ነው። አስቸጋሪው ከሷ በፊት ሰውየውን ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ማወቁ ነው። ለልጅ፣ ለጓደኛና ለቤተ ዘመድ «ቱ» ይባላል። ለከበረው ወንድ «ኡ ስኞር»፣ ለከበረችው ሴት «አ ስኞራ» ነው። በመካከሉ «ቮሴ» የሚባል አለ፤ ይህ በብራዚል የዘወትር ቃል ሲሆን በፖርቱጋል ግን ለማያውቁት ሽማግሌ ቢናገሩት ቅር ሊያሰኝ ይችላል። «አንተ»ና «እርስዎ» እያለ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ገጠር ሲወርድም «አንቱ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይልቁንም እኛን የገረመን የግሱ ነገር ነው። «ኡ ስኞር ፕረፌረ» ቃል በቃል ቢፈታ «ጌታው ይመርጣል» ማለት ነው፤ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ይናገሩታል። እኛስ «እርስዎ ይመርጣሉ» ስንል፣ ግሱ «እሳቸው ይመርጣሉ» ከሚለው በምን ይለያል? ሰውን ለማክበር ጥቂት ራቅ ማድረግ በሁለቱም አገር ይሠራበታል።

በመልሱ ላይ ግን እንለያያለን። እነሱ «ፕረፊሩ አ ሞንታኛ አው ማር» ሲሉ የመረጡትን ያስቀድማሉ፣ የተዉትን ያስከትላሉ፤ ተራራን እመርጣለሁ ከባሕር እንደ ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ከባሕር ተራራ ይሻለኛል» ብለን የምንተወውን አስቀድመን እናሰናብታለን። ደግሞም እነሱ ዘንድ መራጩ ሰውየው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ተራራው ራሱ ነው የሚሻለው፤ ሰውየው ተቀባይ ብቻ ነው። ጉዞውን ሲናገሩም በአይሮፕላን «ደ አቪያው»፣ በመኪና «ደ ካሩ» ይላሉ፤ በእግርና በፈረስ ሲሆን ግን «አ ፔ»፣ «አ ካቫሉ» ብለው መነሻውን ይለውጣሉ። በኛ ግን «በ» የምትለው ፊደል እግሩንም ፈረሱንም አይሮፕላኑንም ትጭናለች። የአውቶቡስ ስም ደግሞ እንደ አገሩ ነው፤ በፖርቱጋል «አውቶካሩ»፣ በብራዚል «ኦኒቡስ»፣ በሞዛምቢክ «ማሺምቦምቡ» ይባላል። የማፑቶ ሰው በየቀኑ የሚጋፋባት ትንሿ የሕዝብ መኪና «ሻፓ» ስትሆን፣ እንግዳችን የአዲስ አበባን ሚኒባስ ገና ሲያያት በዚሁ ስም ጠራት። በቅሎ በቋንቋቸው «ሙላ» ትባላለች። ይህን ቃል ለባለ በቅሎ ሳያስጠነቅቁ መናገር አይገባም፤ ጭነቱን ይጨምርባታልና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ገባን። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በጉና ተራራ ሥር አልፎ ወደ ላይ ጋይንት፣ ወደ ነፋስ መውጫ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ጨጨሆና ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ይወርዳል። ድልድዩ በእስቴ በኩል ነው። ነገር ግን ከቀኖቹ አንዱን ለጋይንት ብንሰጠው አይከፋም ብለን ጥያቄያችንን አወጣናት። እንግዳውም ትከሻውን ከፍ አድርጎ «ታንቱ ፋሽ» አለን።

በመማሪያችን ላይ ይህ ቃል «ሁሉም አንድ ነው፤ ለኔ ልዩነት የለውም» ተብሎ ተፈትቷል። እኛ ግን ያደግነው «ግድ የለም» መልስ በማይሆንበት ቤት ነው። እንግዳ «ግድ የለም፣ ጠግቤያለሁ» ካለ፣ እንደ ገና እንዲለመን ፈልጎ ነው ተብሎ ይታሰባል እንጂ እንጀራው አይነሣም። ስለዚህ ደግመን ጠየቅነው፤ «ታንቱ ፋሽ» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስንጠይቀው ሳቁ ቀረና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ጊዜ ነው «ታንቱ ፋሽ» እንደ ቃሉ የሚወሰድ መልስ መሆኑን የተረዳነው። ምርጫውን ለኛ ሰጥቶን ነበር፤ እኛ ግን ሦስት ጊዜ መለስንለት።

ወደ ጋይንት ወጣን። ጉና ከአራት ሺሕ አንድ መቶ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ የጥር ብርዱም የባሕር ዳርቻ ሰው የሚችለው አይደለም። ነፋስ መውጫ ስንደርስ የከተማውን ስም «ኦንደ ሳይ ኡ ቬንቱ» ብለን፣ ነፋስ የሚወጣበት ማለት ነው ብለን ተረጐምንለት። እሱም በተዋሰው ጋቢ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ፣ ነፋሱ ወጥቶ እንዳልጨረሰ ተናገረ። በአውቶቡስ ጣቢያው አንድ ከስማዳ የመጡ ሽማግሌ ቀርበው በአማርኛ «ከየት ነህ ልጄ?» አሉት። መልስ ሲያጡ ወደኛ ዞረው «ምነው፣ ታሟል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። መልኩ ከኛ መልክ ስለማይለይ ፈረንጅ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እኛም «ደ ኦንደ ቨይን? ፓራ ኦንደ ቫይ?» ብለን የሽማግሌውን ሁለት ጥያቄዎች በቋንቋው ነገርነው። እሱም ከመጣ ወዲህ ከተጠየቀው ሁሉ ለመመለስ ያልተቸገረበት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው አለን። ሽማግሌው ሞዛምቢክ የምትባል አገር መኖሯን ከሰሙ በኋላ፣ ወደ በሽሎ ቆላ ትወርዳለች ወይስ ደጋ ናት ብለው ጠየቁ።

በማግሥቱ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን ወደ እስቴ ወረድን። ከመኪናው ከወረድን በኋላ እንደ ገና ምርጫ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ የእግርና የበቅሎ ነው። እኛ «አያ» እያልን የምንጠራቸው ባለ በቅሎ፣ በመንገድ ሳለን ወደ እንግዳው እያመለከቱ «ድልድዩን የሠሩት የሱ አገር ሰዎች ናቸው የምትሉት እውነት ነው?» አሉን። ይህን ስንተረጉምለት እንግዳችን ቁሞ ሳቀ። አገሩ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1975 በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር የነበረች ናት፤ ቋንቋውን የሚናገረው በዚሁ ምክንያት ነው። «ለኛ መሥራታቸውን እንጃ» ብሎ መለሰ፤ አያም በጣም ደስ አላቸው።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 የሮድሪጎ ዴ ሊማ መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጡ፤ ከነሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ኖሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ታተመ። እነዚህ መንገደኞች የሚሄዱት ንጉሡ ወደ ሰፈሩበት ስለ ሆነ የመንገድ ምርጫ አልነበራቸውም። በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ገባ፤ እሱ በማግሥቱ ዓመት ሲሞት ከሞት የተረፉት በዚሁ አገር ኖሩ፣ ወለዱም። ዐፄ ፋሲለደስ ግን ኢየሱሳውያኑን በ1630ዎቹ ዓመታት ከአገር አስወጡ። ሰባራ ድልድይ በኒሁ ንጉሥ ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። ይህ ከሆነ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ስም፣ በኛ አስተያየት፣ ከግንበኛው ይልቅ ስለ ግንቡ ዘዴ የሚናገር ነው፤ በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ቅስት ከነሱ ጋር የተዛመደ ሙያ ነበርና። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ድልድዩም «ሰባራ» የሚል ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበረው መካከል በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ ያየ ኬኔት ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ በ2002 ድልድዩን አስጠገነው፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለው ድርጅትም የተነሣው ከዚህ ነው። በ2005 ጎርፍ የተጠገነውን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እኛ ያየነው አሮጌውንም አዲሱንም ነው። እንግዳችን በአዲሱ ላይ ቁሞ አሮጌውን ብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ምን እንዳሰበ አልጠየቅነውም።

ያን ዕለት ሲመሽ ወደ ላይ የምንወጣበት ጉልበት ስላልነበረን አያ ወደሚያውቋቸው አንዲት ባልቴት ቤት ወሰዱን። «የመሸበት እንግዳ» ተብሎ ውኃ ቀረበልን፣ እግራችንን ታጠብን፣ ካለው በላን። ምን ትበላላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ከዚያ በኋላ እሳቱን ከብበን ስንቀመጥ፣ እኛ ቋንቋችንን ለማሳየት ስለ ፈለግን፣ ከምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጠየቅን። «ኡ ስኞር ፕረፌረ ኡ ማር ኦ አ ሞንታኛ?» ባሕር ይሻልዎታል ወይስ ተራራ? ማለታችን ነው። እንግዳው የሦስት ቀን ዳገትና ብርድ ትዝ ቢለው በሳቅ ፈንድቶ «ኡ ማር! ኡ ማር!» አለ።

ባልቴቲቱ ቀስ ብለው ተነሡና ወጡ። እኛ ወደ ከብቶቹ የሄዱ መሰለን። ወሬው ቀጠለ፤ እሳቱ ሁለት ጊዜ ተቆሰቆሰ። ብዙ ቆይተው በጨለማ ዳገቱን ወጥተው ወርደው ኖሮ፣ እያለከለኩ በትንሽ ቅል ማር ይዘው ገቡና በእንግዳው ፊት አኖሩት። እኛ ገና አልገባንም፤ ምስጋና ጀመርን። የልጅ ልጃቸው ግን ከማዕዘን ሆና «ማር አማረኝ ሲል ሰምታ ከጎረቤት ተበድራ ነው እኮ» አለችን።

ያን ጊዜ የተሰማንን እፍረት ለመናገር እንቸገራለን። የዓመቱ ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል፤ የሳቸው ቀፎ በዚያ ዓመት አልያዘም ነበር። የተበደሩትን የሚመልሱት በሚመጣው ጥቅምት፣ ያውም ንቡ ከያዘላቸው ነው። «እናቴ፣ ማር ማለት በሱ ቋንቋ ባሕር ማለት ነው» ብለን ነገርናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አወይ ልጆቼ! ባሕሩን ብሰማ ኖሮ ከየት ልበደር ነበር?» አሉ። ገንዘብ ብንሰጣቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ስለዚህ መልሰን ከተትነው። ማሩን በላን፤ ሌላ ማድረግ አይቻልም ነበር።

እንግዳውም ነገሩ ሲተረጐምለት ዝም ብሎ ቆየና፣ ወደ ባልቴቲቱ ዞሮ፣ ሳንነግረው በ«አ ስኞራ» እያከበረ፣ «ኢ አ ስኞራ፣ ኮሙ ፕረፌረ ኢር አ ሞታ?» አላቸው። እርስዎስ ወደ ሞጣ በምን መሄድ ይመርጣሉ? ማለቱ ነው። እኛ ጥያቄውን ለመተርጐም አፈርን። ባለ በቅሎ ላልሆኑ፣ በእግር እንጂ በሌላ ለማይሄዱ ሴት፣ ምርጫ ማለት ምንድር ነው? ቢሆንም እንደ ቃሉ ነገርናቸው።

«ምን ምርጫ አለው ልጄ፤ ድልድዩ ካለ በድልድዩ ነዋ» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው ግን አወሩልን። የተወለዱት በሞጣ በኩል ነው። ተድረው ወደ እስቴ ሲመጡ በገመድ ተጎትተው ተሻግረዋል። ድልድዩ ሲጠገን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እናታቸውን እየጠየቁ ይመለሱ ነበር። ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደው በኋላ በአንዱ ክረምት እናታቸው ሞቱ። መርዶው ከማዶ በጩኸት መጣ፤ ውኃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለ ነበር ገመዱን የሚስብ ሰው አልተገኘም። ወንዙ ዳር ወርደው፣ ከማዶ የመጡ ዘመዶቻቸውን በዓይን እያዩ፣ ወዲህ ሆነው አለቀሱ። «እንግዲህ ብጠየቅስ፣ ደርቆ ያደረ መንገድ ነው የምመርጠው» አሉና እሳቱን መልሰው ቆሰቆሱ።

እንግዳችን ከዚህ በኋላ ስለ አገሩ ነገራቸው። ከማፑቶ ማዶ ካቴምቤ የሚባል ሰፈር አለ። በመካከሉ የባሕር ወሽመጥ ስላለ ሰው ከከተማው ወደዚያ የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ረጅሙ የተንጠለጠለ ድልድይ የተከፈተው ገና ባለፈው ኅዳር ወር፣ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 2018 ነው። የተንጠለጠለው መካከለኛ ክፍል 680 ሜትር ነው። ባልቴቲቱ ይህን ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጀልባው ዘመን እናቱ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ። «ከካቴምቤ» አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና አልጋውን ለሱ አስለቀቁለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጋይንት ደርሶ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የዚያ አገር መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል። እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን በአንድ ቢሮ ተቀምጠን ስንሠራ የፖርቱጋል ቋንቋ ከሚናገሩ መልእክተኞች ጋር እየተገናኘን ጥያቄያችንን ስንደጋግም እንውላለን፤ አሁን ግን መኪና ወይም አይሮፕላን መኖሩን አስቀድመን ሳናረጋግጥ አናወጣትም። «ታንቱ ፋሽ» ያለንንም ሁለተኛ አንጠይቅም።

እንግዳችን በየዓመቱ ለጥቅምት ወር መልእክት ይልክልናል። ያን ሌሊት የኛ ማር በሱ ቋንቋ «ሜል» መሆኑን ነግሮን ስለ ነበር፣ መልእክቱ ሁልጊዜ አጭር ነው፤ «ኢ ኡ ሜል?» ይላል፤ ማሩስ? ማለቱ ነው። ባልቴቲቱ ብድራቸውን መለሱ ወይ፣ ንቡስ ያዘላቸው ወይ ሲል ነው። በ2012 ዓ.ም. አያን በስልክ አግኝተናቸው «ገና ነው» ብለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይነሣም። ያለፈው ጥቅምት መልእክት ሲደርሰን ምን ብለን እንደምንመልስለት አሰብን፤ በመማሪያችን ላይ ለዚህ የሚሆን ቃል ፈልገን ስላጣን፣ መንገዱ ሲከፈት ወርደን እንጠይቃለን ብለን በእንግሊዝኛ ጻፍንለት።